አሲድ፣ ቤዝና ጨው

በመተማ ቆላ ሙቀቱ ሲበረታ ከርከዴ ይጠጣል። ከርከዴ ግን ጥም ከመቁረጥ ሌላ ትምህርትም ይሰጣል።

ቀዩን የከርከዴ ውሃ በሁለት ብርጭቆ ቅዱ። በአንዱ ላይ ሎሚ ጨምቁበት። ቅላቱ ይደምቃል። በሌላው ላይ የጠለለ የአመድ ውሃ ጨምሩበት። ቅላቱ ጠፍቶ ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ይዞራል። ወዲያው ብዙ ሎሚ ብትጨምሩበት ደግሞ መልሶ ይቀላል። አመድ የገባበትን አትጠጡት።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ሎሚ፣ ሁመርና እርጎ የሚኮመጥጡት አሲድ ስላላቸው ነው። የአመድ ውሃ፣ ሳሙናና ኖራ ግን የቤዝ ጠባይ አላቸው። የሳሙና ውሃ በእጅ ሲነካ ያሟልጫል። አሲድና ቤዝ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋል። በነሱም ፈንታ ጨውና ውሃ ይገኛል። የጨው ዓይነት ብዙ ነው። ከአፋር በረሃ የሚመጣው የወጥ ጨው አንዱ ነው። ብርቱ አሲድና ብርቱ ቤዝ ሲገናኙ ሙቀትም ይወጣል። ይህን ሙቀት አትርሱ።

አሲድ ሁሉ እንደ ሎሚ የዋህ አይደለም። በመኪናና በትራክተር ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ሥጋ ያቃጥላል፤ ዓይን ያጠፋል። ኖራም ዓይን ያጠፋል። እነዚህን አትቅመሱ፤ በባዶ እጅም አትንኩ።

የባትሪ አሲድ በሰው ላይ ቢፈስ ምን ይደረጋል? «አሲድን አመድ ያጠፋዋል» ብሎ አመድ የሚነሰንስ ሰው ይኖር ይሆናል። ይህ አደገኛ ነው። የሚወጣው ሙቀት ቁስሉን ያባብሰዋል። መድኃኒቱ ብዙ ንጹሕ ውሃ ነው። አሲድ የነካውን ልብስ ቶሎ አውልቁ። ገላውን ቢያንስ 30 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እጠቡ። የኖራ ዱቄት ከሆነ አስቀድማችሁ አራግፉት። ዓይን ውስጥ ከገባ አትሹት፤ ቆቡን ገልጣችሁ እጠቡት። ከዚያ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ልጅ ቢጠጣው አስታውክ ብላችሁ አታስገድዱት። አሲዱ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥለዋል። ቶሎ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

አሲድን በውሃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ልጅ የሚያውቀው ጠርሙሱን እንጂ ውስጡ ያለውን አይደለም።

ይህን ያነበባችሁ ማንበብ ላልቻለ ጎረቤት አንብቡለት።