መንግሥት ያስተማረው ልጅ ዕዳው ስንት ነው?

ባለፈው ክረምት ልጄን ልጠይቅ ወደ አሜሪካ ሄጄ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ አራት ወር ከርሜ ተመልሻለሁ። ከተማዋ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለችም። እንጀራው አለ፣ በየሱቁ በር ላይ የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ለእኔ እንግዳ የሆነብኝ የ19 ዓመቱ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ነው፤ የሚማረው ኮሙኒቲ ኮሌጅ ነው።

እውነቱን ልናገር። ከመሄዴ በፊት ለጓደኞቼ «አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል» እያልኩ ነበር የማወራው። እናቱም ከእኔ አትሻልም፤ ልደት ላይም ለቅሶ ላይም ሰው ሲጠይቃት ወሬ ትቀይራለች። ልጄ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው፣ ያውም ሌሊት። አንድ ቀን ጠዋት ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች «እማዬ፣ ለዚህ ነው እንዲህ የምለፋው? የሰው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ የእኔው እዚሁ ሰፈር ኮሌጅ በአውቶቡስ ይመላለሳል» አለችኝ።

ልጁ ሰምቶ ኖሮ ከክፍሉ ወጣ። አልተቆጣም። «እማማ፣ የምማረውን ላሳይሽ» ብሎ ላፕቶፑን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ።

የሚማረው የሳይበር ደኅንነት ነው፤ ኮምፒውተር ውስጥ ያለን መረጃ ከሌባና ከአጥፊ መጠበቅ ማለት ነው። ሲያስረዳኝ መጀመሪያ አልገባኝም። በራሴ ሥራ ሳስበው ግን ገባኝ። ነርስ ሆኜ ስሠራ የጤና ጣቢያ ልቡ የቱ ነው ብትሉኝ ካርድ ክፍሉ ነው እላችሁ ነበር። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ቁልፉን ይዞ የጠፋ ዕለት ማን ስኳር እንዳለበት፣ ማን ፔኒሲሊን እንደማይስማማው የሚነግረን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 በዋሽንግተንና በሜሪላንድ 10 ሆስፒታሎች ያሉት አንድ የሕክምና ድርጅት የደረሰበት ይኸው ነው። ሰርጎ ገቦች በለቀቁት ቫይረስ የተነሳ የኮምፒውተር ሥርዓቱን ለመዝጋት ተገደደ፤ ሐኪሞችና ነርሶች ወደ ወረቀት ተመለሱ።

«ታዲያ ካርድ ክፍል ጠባቂ ልትሆን ነው በለኛ» አልኩት። ሳቀ፤ «አዎ እማማ፣ እሱው ነው» አለኝ።

ቀጥዬ የጠየቅሁት ማንኛዋም አያት የምትጠይቀውን ነው፤ «ለመሆኑ ማን ነው የሚከፍልልህ?»

መልሱ ኮሙኒቲ ኮሌጅን የናቅሁበትን ዓይን ገለጠልኝ። በ2024–25 የትምህርት ዘመን አንድ የአካባቢው ነዋሪ በሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ ለመማር በዓመት የሚከፍለው በአገሪቱ በአማካይ 4,050 ዶላር ነበር። አራት ዓመት በሚያስተምር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የራሱ ክፍለ ግዛት ነዋሪ የሚከፍለው 11,610 ዶላር ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ልጆች «ፔል ግራንት» የሚባል፣ የማይመለስ ገንዘብ ይሰጣል። ጣሪያው በዓመት 7,395 ዶላር ነው። ሒሳቡን እናንተው አስሉት። የልጅ ልጄ የሚማረው ያለ አንድ ዶላር ብድር ነው፤ ትርፉም ለመጽሐፍና ለአውቶቡስ ይሆነዋል።

መንግሥት ገንዘብ የሚያወጣው ለተማሪው ብቻ አይደለም፤ ለኮሌጆቹም ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ሕግ የአገሪቱ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን በተለይ በሁለት ዓመት ኮሌጆች ለሚሰጥ የቴክኒክ ትምህርት ገንዘብ እንዲመድብ አደረገ። እዚያው ሜሪላንድ የሚገኘው የፕሪንስ ጆርጅስ ኮሙኒቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዚህ ገንዘብ የሳይበር ደኅንነት ትምህርት ማዕከል አቋቁሞ ለሌሎች ኮሌጆችም ተርፏል።

ጥቁሮች ከነጮች እኩል መማር በማይፈቀድላቸው ዘመን የተመሠረቱ ኮሌጆችም አሉ። ከነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1867 የተቋቋመው የዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የእኛው ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በጊዜው ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆ ባይደን ኖርፎክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተገኝተው፣ እንዲህ ላሉ 13 የጥቁሮች ኮሌጆች ለሳይበር ደኅንነት ትምህርት በአምስት ዓመት የሚከፈል 25 ሚሊዮን ዶላር መመደቡን አስታውቀዋል።

መንግሥት ትልልቆቹን ዩኒቨርሲቲዎች አልፎ ለምን እዚህ ገንዘብ ያፈሳል? ይህን ለመረዳት አሜሪካ መሄድ አላስፈለገኝም። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር አይቻለሁ። 10ኛ ክፍል የጨረሱ የገጠር ልጆች አንድ ዓመት ሠልጥነው ወደየቀበሌያቸው ሲመለሱ «እነዚህ ምን ያውቃሉ?» ያልን ባለሙያዎች ነበርን፤ እኔም አንዷ ነኝ። ከ30 ሺሕ በላይ ሆነው ክትባትና የእናቶች ክትትል እኛ ባልደረስንበት ጎጆ ሁሉ አደረሱ። አገር በስፔሻሊስት ብቻ አይጠበቅም። የሳይበሩም ሥራ እንደዚያው ነው፤ የየከተማውን ማዘጋጃ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ኮምፒውተር የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሰው የሚያፈሩት ደግሞ ስደተኛው፣ ጥቁሩና ሠርታ አዳሪዋ እናት የሚማሩባቸው ኮሌጆች ናቸው።

እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ሰማሁ። ከዚያ ልጁ አንድ ወረቀት አወጣ።

ወረቀቱ «ሳይበርኮር» ስለሚባለው የፌዴራል መንግሥት ስኮላርሺፕ የሚያስረዳ ነው። ኮሙኒቲ ኮሌጅ የጀመረ ልጅ በዚህ ፕሮግራም ወደታቀፈ ዩኒቨርሲቲ ሲሻገር ሊያመለክት ይችላል። ከተመረጠ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፤ ለመኖሪያው ደግሞ በዓመት 27,000 ዶላር ይሰጠዋል፤ እስከ ሦስት ዓመት። በምላሹ ሲመረቅ በተከፈለለት ዘመን ልክ በሳይበር ደኅንነት ሙያ መንግሥትን ያገለግላል፤ ሁለት ዓመት ከተከፈለለት ሁለት ዓመት ማለት ነው። አብዛኞቹ የሚያገለግሉት በፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው፤ የተወሰኑት ለክፍለ ግዛትና ለከተማ አስተዳደር መሥራት ይፈቀድላቸዋል።

ልጄ ቁጥሩን ስትሰማ ዓይኗ እንባ ሞላ። «27 ሺሕ! የሌሊቱን ሥራ እተው ነበር እኮ። ምን ትጠብቃለህ? ሲደርስ ፈርም» አለችው።

እኔ ግን 1975 ዓ.ም. ትዝ አለኝ። የነርስነት ዲፕሎማዬን የወሰድኩት አምስት ሳንቲም ሳልከፍል ነው። ምግቤም፣ መኝታዬም፣ ነጭ ልብሴም ከመንግሥት ነበር። በምረቃው ማግስት ዕጣ አወጣን፤ ለእኔ ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር፣ ሳውላ ወጣልኝ። እናቴ አልቅሳ ሸኘችኝ። ሁለት ዓመት ተብዬ አራት ዓመት ቆየሁ። መብራት ጎደለኝ፣ መድኃኒት ጎደለኝ፣ ናፍቆት ገደለኝ። አንድ ነገር ግን አልጎደለኝም፤ የምደባ ደብዳቤዬን ይዤ ስደርስ ሥራው ይጠብቀኝ ነበር።

«ልጄ፣ ምደባህን የሚሰጥህ ማን ነው?» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ ሦስታችንም ወረቀቱን አብረን አነበብን። የልጅ ልጄ ውል ከእኔ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። መንግሥት ገንዘቡን ይሰጣል፤ ሥራውን ፈልጎ ማግኘት ግን የተመራቂው ድርሻ ነው። ብዙዎቹ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ዜግነትና ጥብቅ የኋላ ታሪክ ምርመራ ይጠይቃሉ። ከተመረቀ በኋላ በ18 ወር ውስጥ ተገቢውን ሥራ ካላገኘ፣ ስጦታ የነበረው ገንዘብ ተመልሶ የሚከፈል ብድር ሊሆን ይችላል።

ይህ ከዚህ ቀደም ብዙ ሰው አያስጨንቅም ነበር፤ መንግሥት ራሱ የሳይበር ባለሙያ አጥሮት ይፈልግ ስለነበር ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2025፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት የፌዴራል ቅጥር እንዲቆም አዘዙ። ከዚያም የሠራተኛ ቅነሳው ተከተለ። በዚህ ስኮላርሺፕ የተማሩ ወጣቶች ዲፕሎማቸውን ይዘው የሚቀጥራቸው መሥሪያ ቤት አጡ፤ ዕዳው ግን ቀኑን እየቆጠረ ነው። በአንድ እጁ «አገልግለኝ» ብሎ ያስፈረመ መንግሥት በሌላው እጁ የመሥሪያ ቤቱን በር ዘጋ። እኔ ይህን ፍትሕ አልለውም። ውል የሁለት ወገን ነው፤ አስተማሪው ወገን የሥራውን በር ከዘጋ የተማሪው ዕዳ ሊቆጠርበት አይገባም ነበር።

ልጁ ሊሻገርበት ወደሚያስበው ዩኒቨርሲቲ ደውሎ ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች ሥራ አግኝተው እንደሆነ ጠየቀ። ያነጋገረችው ሴት አልዋሸችውም፤ አንዳንዶቹ በክፍለ ግዛት መሥሪያ ቤት መቀጠራቸውን፣ ሌሎቹ ገና እየፈለጉ መሆኑን ነገረችው። እሱም የኮሙኒቲ ኮሌጁን ትምህርት በፔል ግራንቱ ጨርሶ፣ ስኮላርሺፑን የቅጥሩን ሁኔታ አይቶ ሊወስን ቆረጠ።

አትፈርም አላልኩትም። እኔ ራሴ ከፈረሙት ወገን ነኝ፤ ሳውላም ያገለገልኩት አራት ዓመት አይቆጨኝም። ነገር ግን ምክሬ ልጄን ተጨማሪ ዓመት ሌሊት ሊያስድራት ይችላል። ይህን ሳስብ አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል። እሷ ግን ያን ዕለት ማታ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ወደ ሥራ ስትወጣ «ዕዳ ከሚሆንበት እኔ ልድከም» ብላኝ ሄደች።

ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ውጭ ያላችሁ፣ ወይም ለመላክ የምታስቡ፣ ከዚህ የምታተርፉት ነገር አለ። እነዚህ የፌዴራል ድጋፎች ለዜጎችና እንደ ዲቪ ደራሽ ላሉ ቋሚ ነዋሪዎች ናቸው፤ ለፔል ግራንት ጥገኝነት ያገኙም ይካተታሉ። ከዚህ በተማሪ ቪዛ የሚሄድ ልጅ አያገኛቸውም። «የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ አስጨርስላችኋለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ይህን አስታውሱ። ለፔል ግራንት የሚሞላው «ፋፍሳ» የሚባለው ቅጽም በነፃ ነው፤ ለመሙላት ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ አትስጡ። እዚህ አገር ልጆቻችን የወጪ መጋራት ውል ሲፈርሙ ስንቶቻችን አብረን እናነባለን? ልጁ የሚፈርመው በ20 ዓመቱ ነው፤ ዕዳው ግን የቤተሰብ ነው። ስንት ይሰጣል ብለን ብቻ አንጠይቅ። በምላሹ ምን ይፈለጋል፣ ሥራውን የሚሰጠው ማን ነው፣ ሥራው ከታጣስ ማን ይከፍላል ብለን እንጠይቅ።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ በመጀመሪያው የዕድር ስብሰባ አንዲት ጓደኛዬ «ያ ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅሽ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ኮሙኒቲ ኮሌጅ ነው የሚማረው» አልኳት። «ካርድ ክፍል መጠበቅ እየተማረ ነው። ዕዳም የለበትም።»