«የቤተሰብ ስምሽ ማን ነው?»

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የቤተሰብ ስማችሁ ማን ነው? «የአባቴ ነው ወይስ የአያቴ?» ብላችሁ ግራ ከተጋባችሁ አልፈርድባችሁም። ለቪዛ ወይም ለትምህርት ዕድል ፎርም የሞላ ሁሉ እዚህች ቦታ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ያነሳል።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ! ከሚሴ ተወልደው ያደጉ እህትና ወንድም፣ እሷ የአባቷን ስም፣ እሱ የአያቱን ስም በመጨረሻው ቦታ ላይ ቢሞሉ፣ የአንድ እናት ልጆች በወረቀት ባዳ ሆኑ ማለት ነው። ነገ አንዱ ሌላውን ልውሰድ ቢል «ዝምድናችሁ የታለ?» መባሉ አይቀርም።

ለመሆኑ ይህ «የቤተሰብ ስም» የሚባል ነገር ከየት መጣብን? ወደ ፈረንሣይ ብቅ እንበል። እዚያ ስም ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ሲወርድ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1539 ንጉሡ ጥምቀት በመዝገብ እንዲጻፍ አዘዙ፤ በ1794 ደግሞ በልደት መዝገብ ከሰፈረው ውጪ ሌላ ስም መያዝ በሕግ ተከለከለ። ስሙም አገር ይናገራል። ቅድመ አያቱ ብረት ቀጥቃጭ የነበረ ሰው በሰሜን «ለፌቭር»፣ በደቡብ «ፋብር»፣ በብሬታኝ «ለጎፍ» ይባላል። ስሙን ሰምቶ የትውልድ አካባቢውን መገመት ይቻላል።

የሚገርመው ነገር፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሣዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉም ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም አለው አለ። ሕዝቡ ግን ስሙን፣ አባቱንና አያቱን እየጠራ ኑሮውን ቀጠለ።

ታዲያ የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም? አለው እንጂ! መሬት ላይ ነው የጻፈው። በኦሮምኛ «ወረ» ማለት ቤተሰብ፣ የእገሌ ወገን ማለት ነው። ወረባቦ፣ ወረኢሉ፣ ወረሂመኖ እያልን ስንጠራ ለካስ የቤተሰብ ስም እየጠራን ነው! በኦሮሚያ ዞናችን ውስጥ ጅሌ ጥሙጋ አለ፤ ጅሌ የጎሳ ስም ነው፤ በዝዋይ ሐይቅ አካባቢም ጅሌዎች አሉ። ጃርሶ የሚለውን ስም ብትከተሉት ደግሞ ሰሜን ሸዋ ላይ ወረ ጃርሶን፣ በምሥራቅ ሐረርጌም በምዕራብ ወለጋም ጃርሶ ወረዳን ታገኛላችሁ። ፈረንሣዮቹ ስማቸውን በመዝገብ ሲያኖሩት፣ የእኛዎቹ በአገርና በአፍ አኖሩት።

የአፍ መዝገብ ግን ሽማግሌው ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። ስለዚህ የምመክራችሁ ይህን ነው።

አንደኛ፣ አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ እስከ ሰባት ቤት ጠይቁና ደብተር ላይ ጻፉ። ጎሳችሁንም ጨምሩበት። ለጋብቻ ስትተጫጩም ይጠቅማችኋል።

ሁለተኛ፣ ወንድማማቾችና እህትማማቾች ተቀመጡና በመጨረሻ የሚጻፈው የአባት ይሁን የአያት ተስማሙ። የልደት ሰርተፊኬት፣ መታወቂያና ፓስፖርት ላይ ያው ይሁን።

ሦስተኛ፣ ፊደሉን ጠብቁ። በቁቤ የተማረች ጦይባ ስሟን በ«ኤክስ» ትጀምራለች፤ ፓስፖርት ላይ በ«ቲ» ከተጻፈ ሁለት ሰው ሆነች ማለት ነው! አንዱን መርጣችሁ በእሱ ጽኑ።

አራተኛ፣ ለሙሽሮች። በአገራችን ያገባች ሴት የአባቷን ስም አትጥልም። ውጭ አገር «የባልሽ ስም ነው መጠሪያሽ» የሚል ፎርም ቢቀርብልሽ፣ እህቴ፣ ከመፈረምሽ በፊት ሌሎቹ ወረቀቶችሽ ምን እንደሚሉ አስቢ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? እንዲውል ግን በትክክል መጻፍ አለበት። ዛሬ ማታ እናት አባታችሁን «የአያቴ አባት ማን ይባላል?» ብላችሁ ጀምሩ። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!