ያውቁ ኖሯል? ከብርጭቆ ቱቦ እስከ ጎልቦ ሜዳ

(ዓመቱን የቆጠርነው እንደ ኬንያዎቹ ነው። ከኢትዮጵያዋ ሞያሌ ወደ ኬንያዋ ጥቂት እርምጃ ሲሻገሩ ሰባት ስምንት ዓመት ይጨመርብዎት የለ!)

የምድርን ሙቀት ነገር ቀድማ የጠረጠረችው ሴት መሆኗን ያውቁ ኖሯል? አሜሪካዊቷ ዩኒስ ፉት በ1856 ሁለት የብርጭቆ ቱቦ ወስዳ፣ አንዱን አየር፣ ሌላውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞልታ ከነቴርሞሜትራቸው ፀሐይ ላይ አሰጣቻቸው። የካርቦኑ ይበልጥ ጋለ። ጥላ ውስጥ ከገባ በኋላም ቶሎ አልበርድ አለ። ጽሑፏን ግን ለሳይንቲስቶች ጉባኤ ያነበበው ወንድ ነበር።

ስዊድናዊው አሬኒየስ በ1896 በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን ምድር ከ5 እስከ 6 ዲግሪ እንደምትሞቅ አሰላ። አልደነገጠም፤ እንዲያውም ለብርዳም አገር ሰው ደግ ነገር መስሎታል። የሰሜን ኬንያዋን ጎልቦ ማን ጠይቆ!

ሙቀቱ መጀመሩን በ1938 በቁጥር ያሳየው ጋይ ካሌንደር የእንፋሎት መሐንዲስ ነበር። የአየር ጠባይ ሊቃውንቱ ብዙም አላመኑትም።

በ1958 ቻርልስ ኪሊንግ ሃዋይ ላይ መለካት ሲጀምር ካርቦኑ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 315 ገደማ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል።

በ1988 የናሳው ጄምስ ሃንሰን ምድር እየሞቀች መሆኗን ለአሜሪካ ሴኔት መሰከረ። በዚያው ዓመት የአየር ንብረት ለውጥን የሚገመግመው የመንግሥታት ቡድን፣ አይፒሲሲ፣ ተቋቋመ። ካቋቋሙት ሁለት ድርጅቶች የአንዱ ዋና መሥሪያ ቤት የት ይመስልዎታል? ከሞያሌ በአውቶቡስ የሚኬድባት ናይሮቢ!

ጎልቦ ባለችበት በኬንያዋ ማርሳቢት ከ2010 ጀምሮ የከብት ኢንሹራንስ እንዳለስ? ካሣው የሚሰላው የማን ላም ሞተች ተብሎ ሳይሆን፣ ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ ለክቶ ነው። የቦረና ሽማግሌ ደግሞ የታረደ ፍየል አንጀት ገልጦ መጪውን ድርቅ ያነባል። አንዱ ከሰማይ፣ አንዱ ከፍየል ሆድ፤ ሁለቱም የሚሹት ዝናብን ነው።

ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሰሜን ኬንያና በሶማሊያ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከሸፈ። የወደቀች ላም በራሷ አትነሳም፤ ሰዎች ቀንዷንና ጭራዋን ይዘው ያቆሟታል፣ ነገ ደግሞ እንደገና። በ2023 ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ቡድን መርምሮ፣ የአየር ንብረት ለውጥ እንዲህ ያለው ድርቅ የሚከሰትበትን ዕድል ቢያንስ 100 ጊዜ እንዳበዛው ገለጸ። ምድር በ1.2 ዲግሪ ባትሞቅ ኖሮ፣ ያው የዝናብ እጥረት ድርቅ እንኳ አይባልም ነበር።