በጣት የሚለካ መኪና፦ ከጋፋት ምድጃ እስከ ሱቅ መደርደሪያ

በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን የቡሄ በዓል ሲደርስ የደብረ ታቦር ከተማ በዓሏን ሁለት ጊዜ ታከብራለች ማለት ይቻላል፤ ስሟንም ከዚያው በዓል ጋራ ትካፈላለችና። በዚያ ሰሞን ወንዶች ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ ከደጅ ወደ ደጅ እየዞሩ እየዘፈኑ፣ ሙልሙል ይቀበላሉ፤ ከሙልሙሉም ጋራ ጥቂት ገንዘብ ይለቅማሉ። ይህ ገንዘብ በማግሥቱ ወዴት እንደሚሄድ ከማንም ይልቅ የሚያውቀው ባለሱቁ ነው። ከፊሉ ለከረሜላ ይውላል፤ ከፊሉ ደግሞ ከባሕር ማዶ በመጣች የፕላስቲክ መኪና ይለወጣል። ገንዘቡ ያልበቃው ልጅ ግን ሱቁን በዐይኑ ተሰናብቶ ይሄድና ሽቦና ባዶ ጣሳ ይፈልጋል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ልጅና ስለ ሥራው ነው፤ ምክንያቱም የዚህ ልጅ ሥራ በሌላው ዓለም የትልቅ ንግድ ዘር ሆኖ ታይቷልና።

የሽቦ መኪና ሥራ ተራ ጨዋታ መስሎ ቢታይም የራሱ ሥርዐት አለው። ልጁ መጀመሪያ የተጣመመውን ሽቦ በድንጋይ ላይ እየቀጠቀጠ ያቀናዋል። ቀጥሎም ሻሲውን፣ ከዚያም ካቢናውንና የጭነቱን ሣጥን ያበጃል። የዘይት ወይም የሰርዲን ጣሳ ተተርትሮ ላሜራ ይሆናል። ካረጀ ነጠላ ጫማ ተከርክሞ ጎማ ይወጣል፤ እርሱ ቢታጣ የጠርሙስ ቆርኪ ወይም ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የተቈረጠ ክብ እንጨት ይተካዋል። በመጨረሻ ከፊተኛው የጎማ ዘንግ ተነሥቶ እስከ ልጁ ወገብ የሚደርስ ረዥም ሽቦ ይቆምና ከጫፉ ላይ ክብ መሪ ይደረግለታል። ልጁ መሪውን ሲያዞር የፊት ጎማዎቹ ይዞራሉ፤ ስለዚህ ሳይጐነበስ፣ ቀጥ ብሎ እየተራመደ፣ መኪናውን በኰረብታው ጐዳና ይነዳል። በዚህ ሥራ ውስጥ ልኬት አለ፤ ሚዛን አለ፤ የማዞሪያም ጥበብ አለ። እነዚህን ሦስቱን ያለ አስተማሪ ያገኘ ልጅ ነገ ጋራዥ ቢገባ እንግዳ አይሆንም።

ልጆቹ የሚመስሉትም ያዩትን ነው። የደቡብ ጎንደር ደጋ ሰው መኪናን ያወቀው በመንገድ ነው። አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ባመጣው ተሽከርካሪ ነበር። ወደ ጎንደር አገር ግን የሞተር ድምፅ በብዛት የተሰማው በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በካሚዮን ተጭኖ በመጣ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ትሬንታ ኳትሮ እየተባለ የተጠራው የፊያት ጭነት መኪና ስሙ በአገሩ ሁሉ ቀረ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል ወደ ወልድያ የሚወጣው መንገድ በቻይናውያን እርዳታ ተሠራ፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ዛሬ በዚህ መንገድ ዳር የሚያድግ ልጅ ኢሱዙን፣ ሚኒባስንና ባጃጅን ከድምፃቸው ለይቶ ያውቃል፤ በሽቦም የሚሠራው እነርሱኑ ነው።

በሠለጠኑት የኢንዱስትሪ አገሮች የመኪናን ምስል አሳንሶ መሥራት የልጅ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የዐዋቂዎችም የትርፍ ጊዜ ሥራ ከሆነ ብዙ ዘመኑ ነው። የሥራው ሕግ አንድ ነው፤ ይኸውም የተሠራው ምስል እያንዳንዱ ክፍል ከእውነተኛው መኪና በተወሰነ መጠን እኩል ማነስ አለበት። 1 ለ 43 የሚባለው መጠን የተወለደው ከመጫወቻ ባቡር ነው፤ የእንግሊዝ ሠሪዎች ለእውነተኛው አንድ ጫማ 7 ሚሊ ሜትር ስለ ሰጡ ሒሳቡ ወደ 43 ገደማ መጣ። 1 ለ 24 የሚባለው ደግሞ ለአንድ ጫማ ግማሽ ኢንች በመስጠት የተገኘ ነው።

ይህን ሁለተኛውን መጠን የአገራችን ሰው ጫማና ኢንች ሳያስፈልገው ሊደርስበት ይችላል። አንድ ክንድ ሁለት ስንዝር ነው፤ አንድ ስንዝር ሦስት ጋት ነው፤ አንድ ጋት አራት ጣት ነው። እንግዲህ ሲባዛ አንድ ክንድ 24 ጣት ይሆናል። ስለዚህ ለእውነተኛው መኪና ክንድ ሁሉ አንድ ጣት የሚሰጥ ልጅ በዓለም ገበያ ታዋቂ የሆነውን የ1 ለ 24 መጠን ጠበቀ ማለት ነው። 14 ክንድ ርዝመት ያለው የጭነት መኪና 14 ጣት ይሆናል፤ 4 ክንድ ከፍታ ያለው ካቢና 4 ጣት ይሆናል። የዛሬዎቹ ልጆች አብዛኛውን በዐይን ግምት ስለሚሠሩ ካቢናው ከጭነቱ ሲበልጥ ወይም ጎማው ከመኪናው ሲገዝፍ ይታያል። በጨዋታና ለሽያጭ በሚቀርብ ዕቃ መካከል ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ ይህች የአንድ ጣት ልኬት ናት።

ከትንሽ ተነሥቶ ወደ ትልቅ መሄድ ለደብረ ታቦር አዲስ ነገር አይደለም። ከከተማይቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን የሚስዮን ሰዎችና የእጅ ሠራተኞች ሰብስበው የብረታ ብረት ሥራ ቤት እንዳቋቋሙ የታወቀ ነው። ከነዚህም መካከል ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ሞሪትዝ ሆል ይገኙ ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም በዚያው ሠርተዋል። እነዚህ ሰዎች አስቀድሞ መድፍ አፍስሰው የማያውቁ ስለ ነበሩ በአንድ ጊዜ ወደ ትልቁ አልደረሱም። ከሙከራ ወደ ሙከራ፣ ከትንሽ መድፍ ወደ ትልቅ እየተሻገሩ በመጨረሻ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፍ አወጡ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ይህ መድፍ ጎማ ባለው ጋሪ ላይ ተጭኖ፣ በብዙ መቶ ሰዎች እየተጐተተ፣ ንጉሡም ራሳቸው መንገዱን በእጃቸው እየጠረጉ፣ የጅዳንና የበሸሎን ገደል ተሻግሮ ከወራት ድካም በኋላ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰ። በዚያ ዘመን በዚህ ደጋ ከታዩት ባለ ጎማ ዕቃዎች ሁሉ ይህን ያህል የሰው ጉልበት የጠየቀ አልነበረም።

ሆኖም የጋፋት ታሪክ ለነጋዴ የሚያስተላልፈው ትምህርት ከመድፉ ይልቅ ከመድፉ በኋላ የሆነው ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በመቅደላ ካረፉ በኋላ የአውሮፓ ሠራተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋራ አገሩን ለቀው ሄዱ፤ የጋፋትም ምድጃ ጠፋ። ሥራው የቆመው በአንድ ገዢ ፈቃድና በአንድ ገዢ ፍላጎት ላይ ብቻ ስለ ነበር ያ ገዢ ሲያልፍ ሥራውም አብሮ አለፈ። መድፍን የሚገዛ ሌላ ሰው አልነበረም። ገበያ የሌለው ጥበብ ምንም ያህል ቢደነቅ ወራሽ አያገኝም።

ገበያ ያገኘ ትንሽ ነገር ደግሞ ምን ያህል እንደሚያድግ በእንግሊዝ አገር ታይቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1934 ዲንኪ የተባሉት ትንንሽ የብረት መኪናዎች በዚህ ስማቸው ለገበያ ቀረቡ፤ ሠሪው በሊቨርፑል የነበረው የፍራንክ ሆርንቢ የመካኖ ኩባንያ ነበር። በ1947 በለንደን የተቋቋመው ሌስኒ የተባለው ኩባንያ ደግሞ በ1953 የንግሥቲቱን የዘውድ በዓል ሠረገላ አሳንሶ ሠርቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሸጠ። ከኩባንያው ባለቤቶች አንዱ ጃክ ኦዴል የሴት ልጁ ትምህርት ቤት ከክብሪት ቀፎ የሚበልጥ መጫወቻ ይዞ መግባትን ስለ ከለከለ፣ በክብሪት ቀፎ የምትገባ የመንገድ መዳመጫ መኪና ሠራላት። «ማችቦክስ» የተባለው፣ በዓለም ሁሉ የተሸጠው ዕቃ የተነሣው ከዚህች ትንሽ ነገር ነው። ሱቅ የሚይዝ ሁሉ እንደሚረዳው፣ ደንበኛ የጣለውን ገደብ የዕቃው መልክ አድርጎ መሸጥ ትልቅ የንግድ ብልሃት ነው።

ይሁን እንጂ ያው ኩባንያ በ1968 ማቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሆት ዊልስ የሚባሉትን፣ በቀጭን ዘንግ ላይ እጅግ ፈጥነው የሚሽከረከሩትን መኪናዎች ባወጣ ጊዜ ገበያው ተናወጠበት። በሚቀጥለው ዓመት የራሱን ፈጣን ጎማ ቢያወጣም፣ በ1982 ከስሮ ተሸጠ፤ ስሙም ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ በ1997 በዚያው በተወዳዳሪው በማቴል እጅ ወደቀ። የዲንኪም ፋብሪካ አስቀድሞ በ1979 ተዘግቶ ነበር። ከዚህ የምንረዳው በመጫወቻ ንግድ ውስጥ የልጆችን ዐይን ተከትሎ የማይሄድ ስም፣ ምንም ያህል ቢከበር፣ እንደማይጸና ነው።

የዚህን ሥራ ሌላ ጥቅም ያሳየው ደግሞ የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ነው። ይህ ኩባንያ ከ1930 እስከ 1968 በፊሸር ቦዲ ክፍሉ ስም ወጣቶች የሠረገላና የመኪና ምስል በልኬት አሳንሰው የሚወዳደሩበትን ማኅበር አቋቁሞ ለአሸናፊዎች የትምህርት ገንዘብ ይሰጥ ነበር። በ1947 ያሸነፈው ቻርልስ ጆርዳን በኋላ በዚያው ኩባንያ የመኪና ቅርፅ ነዳፊ ሆኖ፣ በ1986 የክፍሉ የበላይ ኀላፊ እስከ መሆን ደረሰ። ኩባንያው ሽልማት ሲሰጥ ሠራተኛ ይመለምል ነበር ማለት ነው።

ከአፍሪካ ወንድሞቻችንም የሚቀሰም ትምህርት አለ። በማላዊ ልጆች የሚሠሩት የሽቦ መኪና «ጋሊሞቶ» ይባላል፤ በማዳጋስካር ደግሞ ከባዶ ጣሳ የሚሠሩት የሲትሮየንና የሬኖ መኪናዎች ለጐብኚዎች የሚሸጡ የታወቁ የእጅ ሥራዎች ሆነዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፋብሪካ የዚንክ ቅልቅል ብረት አቅልጦ በብረት ቅርጽ ውስጥ እየጨመረ ሲሠራ ቅርጹ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ወጪው የሚመለሰው እጅግ ብዙ ሲሸጥ ብቻ ነው። ስለዚህ የባሕር ማዶ ፋብሪካ ለጥቂት ደንበኛ ብሎ የአዲስ አበባን ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ወይም በጋይንት ዳገት የሚወጣውን ባለ ጌጥ ኢሱዙ ለመሥራት አይነሣሣም። ሽቦና ጣሳ ግን ቅርጽ አይፈልጉም፤ ዐሥር ቢሠሩም ዋጋቸው ያው ነው። አገሩን የሚናፍቅ በውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የሚገዛው ይህን ዐይነቱን ነው።

እንግዲህ የነጋዴው ድርሻ ምንድን ነው? ባለ ጋራዡና ላሜራ ቈራጩ የሚጥለውን ቁራጭ በቅናሽ ቢለቅ ጥሬ ዕቃ ተገኘ ማለት ነው። ባለሱቁ ከመደርደሪያው አንድ ክንድ ቦታ ሰጥቶ በመጠን የተሠራውን ብቻ ቢቀበል፣ ልጆቹ ልኬት ይማራሉ። የጣሳው ስለታም ጠርዝ ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት፤ ቀለሙም እርሳስ ብረት የሌለበት መሆን አለበት፤ ይህን ያልጠበቀ ዕቃ ለሕፃን እጅ አይሰጥም። አስመጪው ደግሞ የሚያስገባው ያለቀ መኪና ብቻ ሳይሆን የሽቦ መቍረጫ፣ የላሜራ መቀስና ቀለም ቢሆን፣ በዚያው የውጭ ምንዛሪ የአንድ ጊዜ መጫወቻ ሳይሆን የብዙ ዓመት ሥራ ያስገባል።

ላኪውም ሁለት ነገር ይወቅ። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ መጫወቻና በልኬት ያነሰ ሞዴል በአንድነት በቍጥር 95.03 ሥር ይገኛሉ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን ዕድሜያቸው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰብሳቢዎች የተዘጋጀ መሆኑ በግልጽ የተጻፈበት ትክክለኛ ሞዴል እንደ ሕፃን መጫወቻ አይቈጠርም፤ ጽሕፈቱ ከሌለበት ግን የመጫወቻ ደኅንነት ሕግ ሁሉ ሊጠየቅበት ይችላል። አንዲት መስመር ጽሑፍ የአንድ ሣጥን ዕቃን ዕድል ትወስናለች።

ከዚህም ሁሉ በላይ በቡሄ ሰሞን ነጋዴዎች ተባብረው የሽቦ መኪና ውድድር ቢያደርጉ ወጪው ጥቂት፣ ትርፉ ግን ብዙ ነው። ዐሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ «አድጌአለሁ» ብሎ መኪናውን ከአጥር ሥር ሲጥል፣ የጣለው ጨዋታውን ብቻ አይደለም፤ የለመደውን እጅም ጭምር ነው። በዚያች ዓመት አንድ ገዢ፣ አንድ ሽልማት ወይም አንድ የጋራዥ ባለቤት ቢያገኝ ጥበቡ አይቋረጥም።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ ዐምባ ላይ ተጋድሞ ይገኛል። በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው ግን ምስሉ ነው፤ መንገደኛው ሁሉ የሚያየውም እርሱኑ ነው። እውነተኛውን መድፍ ያወጣው ምድጃ ከጠፋ ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በዚያው አገር ዛሬም ብረት በድንጋይ የሚያቀኑ ልጆች አሉ። ጋፋት ያጣችውን ገዢ ለነዚህ ልጆች ማግኘት የንጉሥ ሥራ አይደለም፤ የነጋዴ ሥራ ነው።