እንቆቅልህ! ልጆቻችን የተማሩትን በጨዋታ ስለመመርመር

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ቀን ከሶሐቦቻቸው ጋር ተቀምጠው ሳለ አንድ እንቆቅልሽ አቀረቡ። ቅጠሏ የማይረግፍ፣ ምሳሌዋም ከሙስሊም ምሳሌ ጋር የሚመሳሰል አንዲት ዛፍ እንዳለች ነገሯቸውና ማን እንደሆነች ጠየቋቸው። ሰዎቹ ሐሳባቸውን ወደ በረሃ ዛፎች ሰደዱ። ከመካከላቸው በዕድሜ ትንሹ ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ግን መልሱ የተምር ዛፍ እንደሆነች በልቡ አወቀ። በዚያ መቀመጫ የተምር ዛፍ ልብ ቀርቦ ይበላ ነበርና ፍንጩ ከዚያ መጣለት። ነገር ግን ታላላቆቹ ዝም ማለታቸውን አይቶ አፈረ፤ እሱም ዝም አለ። በኋላ ነገሩን ለአባቱ ለዑመር (ረ.ዐ.) ሲያጫውታቸው፣ በዚያ ሰዓት ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ከብዙ ሀብት ይበልጥ ያስደስታቸው እንደነበር ነገሩት።

ኢማሙ ቡኻሪ ይህን ታሪክ በሶሒሓቸው የዕውቀት መጽሐፍ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አስፍረውታል። አንደኛውን ቦታ የሰየሙት፣ አስተማሪ ባልደረቦቹ ምን ያህል ዕውቀት እንዳላቸው ለመመርመር ጥያቄ ስለማቅረቡ በሚል ርዕስ ነው። ስለዚህ ልጆቻችንን በጨዋታ መፈተን ከውጭ የመጣ ዘዴ ነው ብሎ የሚጠራጠር ወላጅ ካለ መልሱን እዚያ ያገኘዋል።

ውድ አንባቢያን! እኔን ግን ከጥያቄው ይልቅ የልጁ ዝምታ ዘወትር ያሳስበኛል። ዐብዱላህ መልሱን ያውቅ ነበር። ከአንደበቱ ያልወጣው ዕውቀት ስላነሰው አልነበረም። አባቱ ጉዳዩን የሰሙት በኋላ እሱው ስለነገራቸው ነው። በየቤታችን ያሉ ስንቶቹ ልጆች እያወቁ ዝም ይላሉ? ስንቶቹስ ሳያውቁ በሸመደዱት ቃል ብቻ ያለፉ መስለው ይታዩናል? አስተማሪ እንደመሆኔ ሁለቱንም ዓይነት ልጆች በየቀኑ አያቸዋለሁ። በክፍል ውስጥ ስድሳ ተማሪ ይዞ መለየት ከባድ ነው። በቤት ውስጥ ሦስት ልጅ ይዞ አለመለየት ግን የሚያሳዝን ነው።

የብዙዎቻችን ልማድ ይታወቃል። ልጁ ከት/ቤት ሲመለስ “ስንት አገኘህ?”፣ ሰሚስተር ሲያልቅ “ስንተኛ ወጣህ?” እንለዋለን። ከመድረሳ ሲመለስ ደግሞ “የት ደረስክ?” እንላለን። ልጁም “ዐመ ጁዝእን ጨረስኩ” ይለናል፤ ማሻአላህ ብለን እናልፋለን። የሦስቱም ጥያቄዎች መልስ ቁጥር ወይም ስም ነው። ልጁ ምን እንደገባው አንዳቸውም አይነግሩንም።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በአገራችን ት/ቤቶች ሲዘጉ ብዙ ወላጅ ሳያስበው አስተማሪ ሆኖ ነበር። ወራቱ ሲረዝሙ “ልጄ ሦስተኛ ክፍል ደርሳ ይህን አታውቅም እንዴ?” እያሉ የደነገጡ ወላጆች ጥቂት አልነበሩም። ት/ቤቶቹ ሲከፈቱ ግን አብዛኛው ወላጅ ወደ ቀድሞው “ስንተኛ ወጣህ?” ተመለሰ።

በውጭ አገር ካሉ ወገኖቻችን መካከል ደግሞ ይህን ሥራ ወደውና አቅደው የያዙ አሉ። በአሜሪካ በሃምሳውም ግዛቶች ልጅን በቤት ማስተማር በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ደንቡ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በቨርጂኒያ በመደበኛው የቤት ትምህርት ሕግ የሚያስተምር ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ለአካባቢው የት/ቤት ጽ/ቤት ያሳውቃል። ዓመቱ ሲያልቅም እስከ ኦገስት 1 ድረስ ልጁ መሻሻሉን በፈተና ወይም በሌላ የምዘና ማስረጃ ያሳያል። በዚያው ግዛት ሦስት ልጆቿን በቤት የምታስተምር አንዲት የወሎ ተወላጅ እህታችን ለዘመድ ጥየቃ በመጣች ጊዜ ረዘም ላለ ሰዓት አጫውታኛለች። የ12 ዓመት ወንድ፣ የ9 ዓመት ሴትና የ6 ዓመት ወንድ ልጆች አሏት። “የመንግሥቱ ፈተና በዓመት አንዴ ነው፤ የኔ ግን እራት በሠራሁ ቁጥር ነው” አለችኝ። ልጆቹ ግን እየተፈተኑ መሆናቸውን አያውቁም። እንቆቅልሽ የሚጫወቱ ይመስላቸዋል፤ ደግሞም እየተጫወቱ ነው።

አገር ስጠኝ

እንቆቅልሽን የማያውቅ አንባቢ ያለን አይመስለኝም። “እንቆቅልህ!” “ምን አውቅልሽ!” ይባባላሉ፤ ጥያቄው ይቀርባል። ተጠያቂው ካቃተው “አገር ስጠኝ” ይባላል፤ አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። አያቶቻችን ምድጃ ዳር የተጫወቱት ይህ ጨዋታ ለፈተና የተመቸ ነው። ያላወቀ ልጅ አይሰደብም፤ አይመታም፤ የሚከፍለው አገር ብቻ ነው። ያቺ እናት በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምራለች። አገር የሚሰጠው ልጅ የአገሩን ዋና ከተማና አንድ ጎረቤት አገር አብሮ መስጠት አለበት። “ቱርክን ሰጠሁሽ፣ ኢስታንቡልን” ያለ ልጅ አንካራ ትዝ እስኪለው ድረስ ርክክቡ አያልቅም። እንዲህ እያለ አንዱን ጥያቄ የሳተ ልጅ ጂኦግራፊ ሲከልስ ያመሻል።

ለትንሹ ልጅ ሌላ ዘዴ አላት። ውዱእ ስታደርግ አውቃ ትሳሳታለች፤ ፊቷን ሳትታጠብ እግሯን ታስቀድማለች። ልጁም “ኡሚ! እግር መጨረሻ ነው!” ብሎ ይጮሃል። “ማን አለ? እኔ እንዲህ ደስ ይለኛል” ትለዋለች። ያኔ የስድስት ዓመቱ ልጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያስተምራታል። ተለቅ ላሉት ደግሞ ይኸው ጨዋታ ወደ ፊቅህ ትምህርት ያድጋል። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ በሻፊዒይ መዝሀብ ግዴታ፣ በሐነፊይ መዝሀብ ሱና ነውና “በማን ዘንድ ውዱኤ ይበላሻል?” ብላ ትጠይቃቸዋለች። በቁርአን ንባብ ላይ ግን አውቆ የመሳሳትን ጨዋታ አትጫወትም። ትክክል ይመስለኛል። የአላህ ቃል አውቀን የምናጣምመው መጫወቻ አይደለም፤ ልጁም የተሳሳተውን ንባብ ሰምቶ ሊይዘው ይችላል።

መቶ ሃያ በግ

ከነገረችኝ ሁሉ ይበልጥ የወደድኩት የዘካውን ጥያቄ ነው። “አያታችሁ ቃሉ ውስጥ በግጦሽ የሚውሉ 120 በጎች አሏቸው እንበል፤ ዓመትም ሞላቸው። ዘካቸው ስንት በግ ነው?” ትላቸዋለች። ሒሳብ የሚወደው ትልቁ ልጅ ወዲያው “ሦስት!” አለ። ሴቷ ልጅ ደግሞ “አንድ!” አለች።

እናትየው “አንተ ተሳስተሃል” አላለችም። “ሁለታችሁም ለምን እንደዚያ እንዳላችሁ አስረዱኝ” አለች። ልጁ ዘካ ከአርባ አንድ ነው፣ 120 ለአርባ ሲካፈል ሦስት ነው ብሎ አስረዳ። የገንዘብና የወርቅ ዘካ ሁለት ነጥብ አምስት በመቶ መሆኑን በደንብ ያውቃል፤ ማካፈልም ያውቃል። ያላወቀው የገንዘብ ሥርዓት ወደ በግ እንደማይዛወር ነው። የበግ ዘካ በእርከን ነው። ከ40 በታች ምንም የለም፤ ከ40 እስከ 120 አንድ፣ ከ121 እስከ 200 ሁለት፣ ከ201 ጀምሮ ሦስት ነው፤ 400 ሲሞላ አራት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በየመቶው አንድ ይጨመራል። ልጅቷ ይህን ሰንጠረዥ በቃሏ ይዛዋለች፤ መልሷም ልክ ነው። “ለምን?” ስትባል ግን “እንደዚያ ተጽፎ ነው” ብቻ አለች።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስተውል። ይህ በወረቀት የቀረበ ፈተና ቢሆን ልጁ ዜሮ፣ ልጅቷ ሙሉ ነጥብ ያገኙ ነበር፤ አስተማሪውም ስለሁለቱም የተሳሳተ ነገር ይዞ ይሄድ ነበር። በጨዋታው ግን አንደኛው ማሰብ እንደሚችል፣ ነገር ግን አንድ ሕግ እንደጎደለው፣ ሁለተኛዋ ሕጉን ይዛ ገና እንዳላሰበችበት ታየ። እናትየው ቀጥላ “አርባ በግ ያለው አንድ፣ መቶ ሃያ ያለውም አንድ ከሰጡ ማን ተጠቀመ?” አለቻቸው። ለመንጋው ባለቤት የተደረገውን ማቅለል ራሳቸው ደረሱበት። በሳምንቱ በ39 በግ፣ ከዚያም በ399 በግ መጣችባቸው። በ399ኙ ሁለቱም አገር ሰጡ። መልሱ ሦስት ነው።

ሌላም ላክል። በብዙ ቦታ የሚተረክ የ17 ግመሎች ታሪክ አለ። አባት ለሦስት ወንዶች ልጆቹ 17 ግመል ትቶ ይሞታል፤ ለትልቁ ግማሹን፣ ለመካከለኛው ሲሶውን፣ ለትንሹ ከዘጠኝ አንዱን ይናዘዛል። አልካፈል ይላቸዋል። አንድ ብልህ ሰው የራሱን ግመል ጨምሮ 18 ያደርግላቸውና 9፣ 6 እና 2 ያካፍላቸዋል። ድምሩ 17 ይሆናል፤ የራሱን ግመል ይዞ ይሄዳል። ለሒሳብ ተማሪ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሦስቱ ክፍልፋዮች ሲደመሩ ሙሉ ሳይሆን 17 አስራ ስምንተኛ ብቻ ስለሚሆኑ ምስጢሩ እዚያ ላይ ነው። ነገር ግን የውርስ ሕግ የተማረ ልጅ ሌላ ነገር ቢያነሳ ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ “ወንድማማቾች ከአባታቸው እኩል አይደለም እንዴ የሚወርሱት? ለወራሽስ ኑዛዜ አለ እንዴ?” ቢል። ጥያቄውን ራሱን የሚጠይቅ ልጅ ትምህርቱ ሥር ሰዶለታል።

መጠየቅ ለምን ይጠቅማል?

ይህ ሁሉ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። ከፊሎቹ ያንኑ ደግመው አነበቡ፤ ሌሎቹ ግን ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ከትውስታቸው እንዲያወጡ የተደረጉት 56 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶውን ብቻ አስታወሱ። ትውስታ በመጎተት ይጠነክራል ማለት ነው። መድረሳ ውስጥ ሉሑን ከማጠቡ በፊት በሸኹ ፊት በቃሉ እንዲያሰማ የሚደረግ ደረሳ ይህን በተግባር ያውቀዋል። ጂብሪልም (ዐ.ሰ.) በየረመዷኑ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እየመጡ ቁርአንን አብረው ይከልሱ ነበር፤ በመጨረሻው ዓመት ሁለት ጊዜ ከልሰውታል።

“እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ምኑን ጠይቄ ምኑን አርማለሁ?” የምትል እናት ትኖር ይሆናል። እህቴ ሆይ፣ ለመጠየቅ መልሱን ማወቅ ግድ አይደለም። “ዛሬ የተማርከውን ለኔ አስተምረኝ” በይው። “ለምን?” በይው። ሲመልስ እንደገና “እሱስ ለምን?” በይው። ልጁ የገባው እስከየት እንደሆነ፣ ከየት ጀምሮ ቃል ብቻ እንደሚደጋግም ከፊቱ ታነቢዋለሽ። ጂብሪል (ዐ.ሰ.) በሰው አምሳል መጥተው ስለ ኢስላም፣ ስለ ኢማንና ስለ ኢሕሳን ሲጠይቁ መልሱን የሰጡት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነበሩ። ሆኖም እንግዳው ከሄዱ በኋላ ሃይማኖታችሁን ሊያስተምሯችሁ የመጡ ጂብሪል ናቸው ተብሎ ተነገረ። ጠያቂው አስተማሪ ተብለው ተጠሩ።

ስለ ዝምተኛው ልጅ ደግሞ ከዑመር (ረ.ዐ.) የምንማረው አለ። በኸሊፋነታቸው ዘመን ወጣቱን ኢብኑ ዐባስን ከበድር ሽማግሌዎች ጋር ያስቀምጡት ነበር። አንዳንዶቹ እሱን የሚያህል ልጅ እያለን ብለው ቅር አላቸው። አንድ ቀን ስለ ሱረቱ ነስር ሁሉንም ጠየቁ። ከፊሎቹ የሱራዋን ግልጽ ትርጉም ተናገሩ፤ ከፊሎቹ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ወጣቱ ዞረው እሱስ ምን እንደሚል ጠየቁት። እሱም ሱራዋ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕድሜ መቃረቡን የምታሳውቅ መሆኗን ተናገረ፤ ዑመርም ከዚህ የተለየ እንደማያውቁ ገለጹ። ኢብኑ ዐባስ ተራ ተሰጥቶት በግል ተጠየቀ። በቤታችንም ፈጣኑ ልጅ ቀድሞ እየመለሰ ዝምተኛውን እንዳይሸፍነው ለእያንዳንዱ ተራ መስጠት ይገባል። ታናሹ ሲያውቅ ታላቁን “አታፍርም?” ማለትም የጨዋታው መርዝ ነው። በገንዘብ መሸለምን በበኩሌ አልወደውም፤ ልጁ ከጥያቄው ይልቅ ሳንቲሙን ማሰብ ይጀምራል። ካዛጋ ደግሞ ተዉት፤ ለነገ ይቆይ።

በዚያ በቨርጂኒያው ቤት ጠያቂዋ እናት ብቻ አይደለችም። ልጆቹ በየሳምንቱ አንድ የራሳቸውን ጥያቄ አዘጋጅተው ወላጆቻቸውን ይፈትናሉ። ጥያቄ ለማውጣት መጽሐፉን ማገላበጥ ግድ ነውና ይህ ከሁሉ የበለጠ ጥናት ሆኖላቸዋል። አንድ ምሽት አባትየው ታክሲ ሲነዳ ውሎ ገብቶ ሻይ ሲጠጣ ሴቷ ልጁ መጣችበት።

“አባ፣ እንቆቅልህ!”

“ምን አውቅልሽ!”

“ቁርአን 114 ሱራ ነው። አንደኛዋ ሱራ በቢስሚላህ አትጀምርም። በቁርአን ውስጥ ሙሉው ቢስሚላህ ስንት ጊዜ አለ?”

“ሱረቱ ተውባን አውቃታለሁ” አለ አባት ኮራ ብሎ። “113!”

“አገር ስጠኝ!”

“ደሴን ሰጠሁሽ።”

“ደሴ ከተማ ናት፤ አገር ነው ያልኩህ!”

አባት ሳይወድ ሱዳንን ከነኻርቱሟ አስረከበ። ልጅቷም በሱረቱ ነምል 30ኛው አንቀጽ፣ በሱለይማን (ዐ.ሰ.) ደብዳቤ ውስጥ፣ የጎደለችውን 114ኛ ቢስሚላህ ቁርአኑን ገልጣ አሳየችው።