ከቤት ሆኖ የቢሮን ኮምፒውተር መክፈት

በአገራችን ቪፒኤን በይበልጥ የታወቀው በቢሮ ሳይሆን በስልክ ላይ ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲዘጉ ብዙ ሰው በነፃ የሚገኘውን እያወረደ ተጠቀመ። የተዘጋ ገጽ ከመክፈት ሌላ ሥራ ያለው የማይመስላቸው ዛሬም ጥቂት አይደሉም። ቪፒኤን በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ የተፈለገው ግን ሠራተኛው የትም ቦታ ሆኖ ቢሮው እንደተቀመጠ ያህል እንዲሠራ ነው።

የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች፣ ፕሪንተሮችና ሰርቨሮች የሚገናኙት በውስጥ ኔትወርክ ነው። ብዙውን ጊዜ በ192.168 የሚጀምረው አድራሻቸው ከቢሮው ውጭ አያገለግልም፤ ሠራተኛው ቤቱ ሆኖ ቢጽፈው የትም አያደርሰውም። ቪፒኤኑን ሲያበራ ግን ላፕቶፑና የቢሮው ፋየርዎል መጀመሪያ አንዱ የሌላውን ማንነት ያረጋግጣሉ፤ ቀጥሎም ለዚያ ግንኙነት ብቻ የሚያገለግል የምስጢር ቁልፍ ያበጃሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ቢሮ የሚሄደው መረጃ ሁሉ በዚያ ቁልፍ ተመስጥሮ፣ በሌላ ፓኬት ተጠቅልሎ ይላካል። የካፌው ዋይፋይም ሆነ የኢንተርኔት አቅራቢው የሚያዩት ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድና መጠኑን እንጂ ይዘቱን አይደለም። ፋየርዎሉ ይፈታውና ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ላፕቶፑም ከቢሮው አድራሻዎች አንዱን ያገኛል።

ዛሬ በሰፊው ከሚሠራባቸው የቪፒኤን ፕሮግራሞች አንዱ የሆነውን ኦፕንቪፒኤንን እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ጄምስ ዮናን ነው። በማዕከላዊ እስያ እየተዘዋወረ ሲሠራ፣ መረጃው በማያምናቸው አገሮች መስመር ማለፉ አሳስቦት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊነክስ ከርነል አካል የሆነው የጄሰን ዶነንፌልድ ዋየርጋርድ ደግሞ ወደ 4,000 በሚጠጉ የኮድ መስመሮች ብቻ የተጻፈ ነው። ይህ አጭርነት ትልቅ ዋጋ አለው ባይ ነኝ፤ አንድ ባለሙያ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ሊመረምረው ይችላልና። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወጣው ፒፒቲፒ የተባለው የቪፒኤን ዓይነት ምስጢሩ ሊሰበር እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2012 በአደባባይ ታይቷል። በዚህ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ካለ ዛሬውኑ ይተወው።

ይሁን እንጂ ቪፒኤን መንገድ ብቻ ነው። በመንገዱ ላይ ምን እንደሚመላለስ ካልታሰበበት ሥራው ሥቃይ ይሆናል። በአዲስ አበባ ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ፕሮግራም የማያውቅ የሂሳብ ሠራተኛ ማግኘት ይቸግራል፤ ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ዓመታት ቢያልፉም ሰው አሁንም ፒችትሪ ይለዋል። የሰኔ 30 መዝጊያ ሲደርስ የሂሳብ ሠራተኛዋ ከቤቷ ሆና በቪፒኤን ብትገባና የቢሮውን ዳታ በራሷ ላፕቶፕ በተጫነው ፒችትሪ ብትከፍት፣ ፕሮግራሙ እያንዳንዷን ትንሽ መረጃ ከሰርቨሩ እየጠየቀ መልስ ይጠብቃል። ቢሮ ውስጥ ይህ መመላለስ ስለሚፈጥን አይታወቅም። በኢንተርኔት ግን አንዱ ጥያቄ ትንሽ በዘገየ ቁጥር፣ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም አንድ ሪፖርት ለማውጣት ብዙ ያስጠብቃል። ከሁሉ የከፋው፣ እየመዘገበች ሳለ መስመሩ ቢቋረጥ ፋይሉ ሊበላሽ መቻሉ ነው።

ሪሞት ዴስክቶፕ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ፒችትሪው የሚሠራው በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ይሆናል፤ በመስመሩ የሚሄደው የስክሪኑ ምስል፣ የሚመጣው ደግሞ የኪቦርዱና የማውሱ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ዳታው ከቢሮ አይወጣም። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥም ሥራው የጀመረችበት ቦታ ላይ እንዳለ ይጠብቃታል፤ ተመልሳ ስትገባ ከዚያው ትቀጥላለች። መስመር በሚቆራረጥበት አገር ለሚሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ ጥቅም ያለው አይመስለኝም። ማይክሮሶፍት ይህን አሠራር በዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ተርሚናል ሰርቨር ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው።

የቢሮው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ፕሮ መሆን አለበት፤ የሆም እትም በዚህ መንገድ እንግዳ አይቀበልም። እንቅልፍ እንዳይገባም ስሊፕ የሚለው ይጥፋ። መብራት ሄዶ ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ ደግሞ በብዙ ኮምፒውተሮች ባዮስ ውስጥ ማስተካከያ አለ። ይህን የምታህል ነገር ሳትደረግ ቀርታ፣ ቅዳሜ ማታ ሥራ የያዘ ሰው ዘበኛውን ደውሎ ኮምፒውተር እንዲያበራለት ይለምናል።

አንዳንዶች ቪፒኤኑን ለመትከል ሰንፈው የሪሞት ዴስክቶፕን በር፣ ማለትም ፖርት 3389ን፣ በቀጥታ ለኢንተርኔት ይከፍታሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ክፍት በር የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ዓለሙን ሌት ተቀን ያስሳሉ፤ ሲያገኙም የይለፍ ቃል መገመት ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ ሲገኝ ደግሞ የይለፍ ቃል እንኳ አያስፈልገውም ነበር። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ካቆመ ዓመታት ላለፉት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ጭምር ማስተካከያ ያወጣው አደጋው ስላስፈራው ነው። ሪሞት ዴስክቶፕ ከቪፒኤን በስተጀርባ ይሁን።

ቪፒኤኑም ቢሆን ሁለተኛ ማረጋገጫ፣ ለምሳሌ በስልክ የሚመጣ ኮድ፣ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ከቴክሳስ እስከ ኒው ጀርሲ ነዳጅ የሚያስተላልፈው ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለው ኩባንያ በኮምፒውተር ወንበዴዎች ተጠቅቶ ለቀናት ሥራ አቁሞ፣ ለወንበዴዎቹ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሏል። የገቡት ማንም በማይጠቀምበት፣ ግን ሳይዘጋ በቀረ የቪፒኤን አካውንት ነበር፤ ጥበቃውም የይለፍ ቃል ብቻ። በእኛ ቢሮዎች ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ እያዞረ የወንበሩንና የላፕቶፑን ርክክብ ያስፈርማል። የቪፒኤን አካውንቱም በዚያው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ያግኝ፤ የአይቲ ባለሙያው መዝጋቱን ሳያረጋግጥ ክሊራንሱ አይፈረም።