ክረምት ሲወጣ የሚጀመረው የጓሮ ሥራ

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ለጓሮ አትክልት የሚመቸው ጊዜ ክረምቱ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ውኃ የሚሰጡትን ያህል ፀሐይ ይነሳሉ፤ አፈሩ ጠግቦ አየር ያጣል፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል እርጥበት በሚያመጣው በሽታ ይጠቁራል፣ አረሙም አትክልቱን ቀድሞ ይደርሳል። ሰማዩ ሲጠራ ነገሩ ይገለበጣል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 የሚቆየው መፀውና እሱን ተከትሎ የሚገባው በጋ ቀናቸው ብሩህ፣ አየራቸው ደረቅ፣ የቅጠል በሽታቸውም የቀለለ ነው። የሚጎድለው ውኃ ነው፤ የሚያሰጋው ደግሞ የሌሊቱ ብርድ።

ሥራው የሚጀመረው ከመደቡ ነው። ክረምት ላይ ውኃ እንዲያልፍ ከፍ ተደርጎ የተሠራ መደብ በደረቁ ወቅት ከላይም ከጎንም ስለሚደርቅ የጠጣውን አይዝም። ስለዚህ ጥቅምት ላይ መደቡ ከመተላለፊያው ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ዙሪያውን በአፈር ጠርዝ ተከቦ ይሠራል። አፈሩ መረሬ ከሆነ መዘግየት አያዋጣም። እርጥብ ሳለ ዶማው ላይ ይጣበቃል፤ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ሥር ይበጥሳል። ለቁፋሮ የሚመቹት በመካከል ያሉት ጥቂት ቀናት ናቸው፤ የተጨበጠ አፈር በጣት ነካ ሲደረግ የሚፈረካከስበት ጊዜ ማለት ነው። ክረምቱ ያበቀለው አረምም ዘር ሳያፈራ ታጭዶ ከፍግና ከጥቂት አመድ ጋር ቢከመር በሦስት ወይም በአራት ወር ገደማ ኮምፖስት ይሆናል። ኅዳር ላይ ደርቆ የተሰበሰበ አረም ግን ዘሩን ይዞ ወደ መደቡ ይመለሳል።

በደጋ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣና ነጭ ሽንኩርት ያለ ብዙ ስጋት ይዘራሉ ወይም ይተከላሉ። የካሮት ዘር ለመብቀል ከ10 እስከ 15 ቀን ስለሚፈጅ እስከዚያ የመደቡ ፊት መድረቅ የለበትም፤ ቀጭን የሣር ጉዝጓዝ ለዚህ ይረዳል፣ ቡቃያው ሲታይ ይነሳል። ካሮት ተነቅሎ አይዛወርም፤ ከተዛወረ ሥሩ ይጣመማል። የቀይ ሥር ዘር ደግሞ ጀማሪውን ግራ ያጋባል። አንድ ዘር የሚመስለው ሸካራ ፍሬ ብዙውን ጊዜ በውስጡ ከሁለት እስከ አራት ዘር ስለሚይዝ፣ አንድ ተዘርቶ ሦስት ቡቃያ ቢወጣ የዘሪው ጥፋት አይደለም። ጠንካራው ቀርቶ ሌላው ካልተነቀለ አንዱም አይወፍርም፤ የተነቀለውም ለሰላጣ ይሆናል። ነጭ ሽንኩርት ራሱ ተፈልፍሎ እያንዳንዱ ፍሬ ሹል ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ይተከላል። የቀይ ሽንኩርት ችግኝ ከመዛወሩ በፊት ለሰባት ሳምንት ያህል መደብ ላይ ስለሚቆይ ዘሩ ቀደም ብሎ፣ በመስከረም መጨረሻ መዘራት አለበት።

ቲማቲምና ቃሪያ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ የቲማቲም አበባ ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል፤ አዲስ አበባ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ይህ የተለመደ ነው። ቀን ፀሐይ የሚመታው የድንጋይ ግድግዳ ሥር ቢተከል ግድግዳው የያዘው ሙቀት ሌሊቱን ያግዘዋል፤ ሜዳ ላይ ግን ልፋቱ ብዙም አይክስም። እንደ ድሬዳዋ ባለው ቆላ ነገሩ በተቃራኒው ነው። እዚያ እነዚህ ወራት የሰላጣና የጥቅል ጎመን ጊዜ ናቸው፤ የሰላጣ ዘር አፈሩ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ እንደልቡ አይበቅልምና።

በዚህ ወቅት አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። 10 ካሬ ሜትር ማለት እንግዲህ ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው፤ ውኃ በፈረቃ ለሚደርሰው ቤት ቀላል አይደለም። የመደቡ ስፋት በሚገኘው ውኃ ልክ ቢወሰን ይሻላል። ሥር ለያዘ አትክልት በየቀኑ ከመርጨት በየሁለትና ሦስት ቀኑ አጥግቦ ማጠጣት ሥሩ ወደ ታች እንዲወርድ ያደርገዋል። አትክልት የታጠበበት ውኃ ለመደቡ ይሆናል፤ የልብስ ሳሙና ያለበት ግን አይሆንም። ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የጭድ ወይም የሣር ጉዝጓዝ ደግሞ የውኃውን ወጪ ይቀንሳል።

ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። መሬት ቀን የወሰደችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ትለቃለች፤ ደመና ቢኖር ከፊሉን ይመልስላት ነበር። የቀዘቀዘው አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ ተዳፋቱን ይዞ ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። በአንድ መንደር የወንዙ ዳር ጓሮ ተቃጥሎ የጉብታው የሚተርፈው ለዚህ ነው። ከባዱ ሰዓት ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ይህ በየዓመቱ የሚጠበቅ ነገር ነው። ድንች፣ ዱባ፣ ቦሎቄና ቃሪያ ቅጠላቸው ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሲሆን ይጎዳሉ፤ ፀሐይ ሲወጣም በፈላ ውኃ የተነከረ ይመስል ዝለው ይጠቁራሉ። ጎመንና ካሮት ግን በብርድ ጊዜ ስኳር ስለሚያጠራቅሙ ይቋቋሙታል፤ ጣዕማቸውም ይጨምራል።

መከላከያው ውድ አይደለም። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ስለሚይዝ፣ ብርድ በሚያሰጋበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ማጠጣት ይረዳል። እዚህ ላይ ጉዝጓዙ ከወዳጅነቱ ይጎድላል፦ የአፈሩ ሙቀት ወደ ቅጠሉ እንዳይወጣ ያግዳል። ውርጭ በሚበዛባቸው ሳምንታት ብርድ የማይችሉት አትክልቶች ሥር ያለው ገለል ቢደረግ ይመረጣል። ማታ በእንጨት ላይ የተዘረጋ ጆንያ ወይም አሮጌ አንሶላ እስከ መሬት ከደረሰ ብዙ ያድናል፤ ጠዋት ይነሳል። ቅጠሉን የነካ ላስቲክ ግን የነካውን ከመቃጠል አያድንም። የተቃጠለ ቅጠልም ቶሎ አይቆረጥም፤ ብርዱ እስኪያልፍ ከሥሩ ላለው እንቡጥ ከለላ ይሆናል።

ደረቁ አየር ለክሽክሽም ይመቸዋል። ክሽክሽ የጎመኑን ቅጠል ከሥር ይዞ ይመጠዋል፤ ፍግ የበዛበት ለስላሳ ቅጠል ደግሞ ይስበዋል። በቀጭኑ የተበጠበጠ የሳሙና ውኃ የቅጠሉ ጀርባ ላይ ደጋግሞ ሲረጭ ይቀንሳል። ነጠብጣብ ያላቸው ቀያይ ጥንዚዛዎች ክሽክሽ በሊታ ስለሆኑ አይነኩም።

ታኅሣሥ ሲገባ ጎመኑ በየተራ ይቀነጠሳል፤ ጥቂቱ ደግሞ ለዘር ይቀራል። ለዘር የሚመረጠው ቀድሞ ያበበው አይደለም፤ ያ ጠባዩን ለሚቀጥለው ስለሚያወርስ ቅጠል ሳይሰጥ ለአበባ የሚቸኩል ጎመን ያተርፋል። ዘግይተው የሚያብቡት ጥቂት እግሮች ተነጥለው ይተዋሉ፣ ፍሬያቸው ቡናማ ሲሆንም ሳይፈነዳ ጠዋት በጤዛ ይለቀማል።